የታይላንድ ሻሎት አቅርቦትና የወጪ ንግድ

የታይላንድ ሻሎት (በታይ ቋንቋ ሆም ዴንግ፤ ትርጉሙ «ቀይ ሽንኩርት») በታይላንድ የሚመረት፣ ከተራው ሽንኩርት በመጠን የሚያንስና ቅርፊቱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ የሆነ የሽንኩርት ዓይነት ነው። ከአገር ውስጥ ፍጆታ የተረፈው ወደ ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖርና ሌሎች አገሮች ይላካል። ምርቱ በአብዛኛው በአንድ ወቅት የሚደርስ፣ ካልደረቀ ደግሞ ቶሎ የሚበሰብስ በመሆኑ፣ ለላኪዎችና ለአስመጪዎች ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው ታማኝ አቅራቢ ማግኘት ነው።

መጠሪያና ባሕርይ

ሻሎት የሽንኩርት ዝርያ (አሊየም ሴፓ) አካል ሲሆን፣ በዝርያው ውስጥ አግሪጌተም ከሚባለው ቡድን ይመደባል። ቀድሞ አሊየም አስካሎኒኩም በሚል ስም ራሱን የቻለ ዝርያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ተራው ሽንኩርት በአብዛኛው አንድ ትልቅ ራስ ሲያወጣ፣ ሻሎት ከአንድ ተክል በርካታ ትንንሽ ራሶች ያፈራል። ገበሬው ብዙውን ጊዜ የሚተክለው ዘር ሳይሆን ካለፈው ምርት ያስቀረውን ራስ ነው። በኢትዮጵያ «የሐበሻ ሽንኩርት» የሚባለው ትንሹ ቀይ ሽንኩርትም የዚሁ ቡድን ነው።

በታይላንድ ምግብ አሠራር ሻሎት ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጠጅ ሣር ጋር ተወቅጦ ለካሪ ወጦች መሠረት ይሆናል። ናም ፕሪክ በሚባሉት የቃሪያ ማባያዎች ውስጥ ይገባል፤ በቀጭኑ ተከትፎ በዘይት ተጠብሶም በምግብ ላይ ይነሰነሳል።

በዓለም አቀፍ የጉምሩክ ምደባ ሽንኩርትና ሻሎት በአንድ ቁጥር (0703.10) ስለሚመዘገቡ፣ «ቀይ ሽንኩርት» በሚል ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ ለስሕተት ይጋለጣል። ስለዚህ በውሉ ላይ የዕፀዋት ስሙ፣ የራሱ መጠን በሚሊሜትር፣ ቀለሙና የድርቀቱ ደረጃ ይገለጻል። የዓለም የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ ኮሚሽን ለሽንኩርትና ለሻሎት የጋራ የጥራት ደረጃ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

የሚመረትበት አካባቢና ወቅት

በሻሎት ምርቱ ስሙ የገነነው በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የሚገኘው የሲሳኬት ክፍለ ሀገር ነው። ከክፍለ ሀገሩ ወረዳዎች መካከል ያንግ ቹም ኖይ፣ ራሲ ሳላይና ካንታራሮም ይጠቀሳሉ። የሲሳኬት ሻሎት በታይላንድ በጂኦግራፊያዊ መለያነት ተመዝግቧል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ኡታራዲት፣ ላምፑን፣ ቺያንግ ማይና ፓያኦ ያመርታሉ።

በሲሳኬት ብዙ ገበሬዎች ሩዝ ከሰበሰቡ በኋላ በደረቁ ወቅት ሻሎት ይተክላሉ። አዝመራው በአብዛኛው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ይሰበሰባል። በእነዚህ ወራት ገበያው በአንድ ጊዜ ስለሚሞላ ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ ክምችቱ ሲመናመን ይወጣል። በዝናቡ ወራት «አሁን የተነቀለ የሲሳኬት ምርት አለኝ» የሚል ነጋዴ ምንጩን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ዕቃው ከመጋዘን የወጣ የቆየ ክምችት ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

የአቅርቦት ሰንሰለት

ሻሎት ከማሳ እስከ ወደብ በብዙ እጆች ያልፋል። ገበሬው ለአካባቢ ሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለጅምላ ነጋዴ ወይም ለማሸጊያ ቤት ያስረክባል፤ ላኪው ከዚያ ይገዛል። ከባንኮክ በስተሰሜን በፓቱም ታኒ ያሉት ታላት ታይና ሲ ሙም ሙአንግ የሚባሉት ትላልቅ የጅምላ ገበያዎችም የአገሪቱ የአትክልት ንግድ ማዕከላት ናቸው። በባሕር የሚሄደው ጭነት በአብዛኛው በሌም ቻባንግ ወደብ ይወጣል፤ ወደ ማሌዥያ የሚሄደው ደግሞ በሳዳኦና በፓዳንግ ቤሳር የየብስ መተላለፊያዎች ሊያልፍ ይችላል።

«ላኪ» ተብሎ የሚቀርበው ድርጅት ሁልጊዜ የዕቃው ባለቤት አይደለም። ማሸጊያ ቤትና መጋዘን ያለው አለ፤ ትእዛዝ ከተቀበለ በኋላ ዕቃ የሚያፈላልግ ደላላም አለ። ደላላ መሆን በራሱ ማታለል አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋ በድንገት ሲንር ቃሉን ለመጠበቅ የሚያስችለው ክምችት በእጁ የለም።

የአስተማማኝነት መመዘኛዎች

ዋናው መመዘኛ የማድረቅ ሥራ ነው። ሻሎት ከተነቀለ በኋላ ከነቅጠሉ ታስሮ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሰቀላል። አንገቱና የውጪ ቅርፊቱ ሲደርቁ ሻጋታና ባክቴሪያ በቀላሉ አይገቡበትም። ነገር ግን ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። ዋጋው በኪሎ ስለሚቆረጥ፣ ሳይደርቅ የሚሸጥ ሰው በክብደት ያተርፋል፤ በአየር ማጣትና በእርጥበት የሚበሰብሰው ኮንቴይነር ግን ለገዢው ይደርሰዋል። የሻጭና የገዢ ጥቅም በግልጽ የሚጋጨው እዚህ ላይ በመሆኑ፣ የታማኝነት ፈተናውም ይኸው ነው። ለረጅም ጊዜ ማከማቻ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያለ ሙቀትና ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነ የአየር እርጥበት ይመከራል።

ከዚህ ሌላ ገዢዎች የሚያጣሯቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦

• ሕጋዊ ሰውነት፦ በታይላንድ የተመዘገበ ኩባንያ ባለ 13 አኃዝ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በንግድ ሚኒስቴር ሥር ባለው የንግድ ልማት መምሪያ መዝገብ ይመሳከራል።
• የእርሻ አሠራር፦ የግብርና መምሪያው መልካም የግብርና አሠራርን ለሚከተሉ ማሳዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የፀረ ተባይ ቅሪት በላቦራቶሪ መመርመሩም ይጠየቃል፤ ሻሎትን የሚያጠቁ አባጨጓሬዎችና የፈንገስ በሽታዎች ብዙ ርጭት ያስከትላሉ።
• ናሙና፦ ሻጩ መርጦ የሚልከው ናሙና ብቻውን አይበቃም። ከጭነቱ ውስጥ በዘፈቀደ ከተነሡ ከረጢቶች፣ በተለይም ከሥር ካሉት፣ በገለልተኛ ተቆጣጣሪ የሚወሰድ ናሙና ይበልጥ ይታመናል።
• አነስተኛ መነሻ፦ አዲስ ገዢ በአንድ ኮንቴይነር ጀምሮ የመድረሻውን ብልሽት መዝኖ ትእዛዙን ያሳድጋል።

ሰነድና ክፍያ

ዕቃው ከተባይና ከበሽታ ነፃ መሆኑን የሚገልጸው የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሚሰጠው በግብርና መምሪያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ወዲህ ይህን ሰነድ ከጥቂቶች በስተቀር ለሁሉም ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ይጠይቃል። ወደ አሴያን አባል አገሮች ሲላክ የቀረጥ ቅናሽ የሚያስገኘው ፎርም ዲ የሚባለው የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት ነው።

ሙሉ ቅድመ ክፍያ ገዢውን ለከፋ አደጋ ያጋልጠዋል፤ የውሸት ላኪዎች የተለመደ ዘዴም ይህ ነው። ሌተር ኦፍ ክሬዲት ባንኩ ሰነዶቹ ተሟልተው ሲቀርቡ እንዲከፍል ያደርጋል። ሆኖም ባንኩ የሚመረምረው ሰነድ እንጂ ሽንኩርት አይደለም። ስለዚህ የገለልተኛ ተቆጣጣሪ የጥራት ሪፖርት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን በውሉ ይጠቀሳል።

የገበያ ስጋት

ታማኝ አቅራቢም ቢሆን የተቀባዩን አገር ፖሊሲ መቆጣጠር አይችልም። ኢንዶኔዥያ ለቃሪያና ለሻሎት መነሻ ዋጋ ወስና፣ የአገር ውስጥ ዋጋ ከዚያ ሲወርድ ማስመጣት እንዲቆም የሚያደርግ ደንብ አውጥታ ነበር። ኒውዚላንድና አሜሪካ ይህንና ሌሎች የማስመጣት ገደቦችን በመቃወም ለዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሰጠው ውሳኔ ለከሳሾቹ ሆነ፤ በ2017ም በይግባኝ ጸና። እንዲህ ዓይነት ገደብ በአዝመራ ወቅት ሲመጣ ዕቃው በላኪው መጋዘን ይከማቻል፤ ሰብሳቢው መግዛት ያቆማል፤ የዋጋ ውድቀቱም የሚያርፈው ዕቃውን ማቆየት በማይችለው ገበሬ ላይ ነው። ከአንድ ገበያ በላይ ደንበኛ ያለው ላኪ ይህን ድንጋጤ የተሻለ ይቋቋማል፤ በዚህም ምክንያት የአቅራቢን አስተማማኝነት የሚመዝኑ ገዢዎች ሌሎች ደንበኞቹ የት እንዳሉም ይጠይቃሉ።