ጣና ላይ ቀን እንዴት ይታቀዳል?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ በጣም ይደጋገማል። «ቲቸር፣ ቀኑ አይበቃኝም፤ ምን ላድርግ?» ዩኒቨርሲቲ ያለውም፣ ሥራ የጀመረውም፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቀውም ይሄንኑ ነው የሚለው። የታሪክ መምህር ነኝና መልሴን ከታሪክ ልጀምር። ሩቅ አንሄድም፤ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባቸው ደሴቶች ይበቁናል።

ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ናርጋ ሥላሴ... ብዙዎቻችን እነዚህን ገዳማት የምናውቃቸው በሥዕላቸውና በብራና መጻሕፍታቸው ነው። ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ግን ቀኑን እንዴት እንደሚከፋፍሉት ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉ። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ይባላሉ። እስቲ ስሞቹን ልብ በሏቸው። ሠለስት ከሦስት፣ ተሰዓት ከዘጠኝ ቁጥር የመጡ ናቸው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ ሠለስት ዛሬም በእጅ ሰዓታችን ልክ 3 ሰዓት ላይ ነው። በአውሮፓ ገዳማትም የዘጠነኛው ሰዓት ጸሎት ነበር፤ ስሙ በላቲን «ኖና»፣ ማለትም ዘጠነኛ። እነሱ ጋ ጸሎቱ በመካከለኛው ዘመን ቀስ በቀስ ወደ እኩለ ቀን ተሳበና ዛሬ እንግሊዞች እኩለ ቀንን «ኑን» ይሉታል። ዘጠኝ ስድስት ሆነ ማለት ነው! የኛው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

በነዚህ ጊዜያት የሚጸለየውን መጽሐፈ ሰዓታት በማዘጋጀት የሚታወቀው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖረ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማረ ታላቅ የወሎ ሊቅ ነው። ከሱ በፊት ከግብጽ የመጣ የሰዓታት መጽሐፍ ነበር፤ እሱ ለሀገሩ የሚሆነውን ደረሰ። ሰዓታቱ ዛሬም በየአድባራቱ ሌሊት ሲቆም ትሰማላችሁ። ስድስት መቶ ዓመት የቆየ የቀን ፕሮግራም ስንት አለ?

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። መነኩሴ ሥራ የለውም እንዴ? አለው እንጂ። ይጽፋል፣ ያስተምራል፣ እህል ያሰናዳል፣ እንጨትና ውኃ ይሸከማል። ግን ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ጊዜ ካገኘሁ እጸልያለሁ» አይልም። መጀመሪያ የሚቀመጠው ጸሎቱ ነው፤ ሌላው ሥራ በመሀል ባለው ክፍተት ይገባል። የድንጋዩ ደወል ሲመታ በእጅ ያለው ይቀመጣል። የሥርዓቱ ጥንካሬ ብዙ ነገር በመያዙ ላይ አይደለም፤ ትልቁ ነገር ቦታውን አስቀድሞ በመያዙ ላይ ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ይሄን በደንብ ያውቁታል። ሱብሒ፣ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ፤ ቀኑ በአምስት ምሰሶ ቆሞ ንግዱም ጥናቱም በመሀሉ ይሄዳል።

እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ባሠራችበት በዚያው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አሜሪካ ውስጥ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚባል አታሚ 24ቱን ሰዓት በወረቀት ላይ ከፋፍሎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዛሬ ምን መልካም ነገር ልሥራ ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ማታ ደግሞ ምን ሠራሁ ብሎ ይመረምራል። ልዩነቱን አያችሁት? መነኩሴው ምን እንደሚቀድም ገዳም ሲገባ ቆርጦታል፤ ማስታወሱን ደግሞ ደወሉ ይሠራለታል። ፍራንክሊን ግን በየጠዋቱ ራሱ መወሰን ነበረበት። እኔና እናንተም የፍራንክሊን ዓይነት ነን። ደወል የሚመታልን የለም። ከነቃን ጀምሮ የሚጮኸው ስልካችን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጠራን ወደ ሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «በዚህ ጊዜ ምን እቅድ አለ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የትምህርት ካላንደሩ ስንት ጊዜ እንደተዛባ ሁላችንም አይተናል። የዓመት እቅድ የያዘ ልጅ ዓመቱ ከእጁ ሲያመልጥ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ግን የጣና ደሴቶች ታሪክም የሰላም ጊዜ ታሪክ ብቻ አይደለም። በጦርነት ዘመን ንዋያተ ቅዱሳትና መጻሕፍት የሚሸሸጉባቸው ቦታዎች ነበሩ። ዓመቱን ማቀድ ሲያቅት አንድ ቀንን ማቀድ ይቻላል። እንደውም ያኔ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ዘዴ ይቺ ናት፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃታል።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የነገውን ሥራ ሁሉ ዘርግፋችሁ ጻፉት። ከዚያ ውስጥ ሦስት ብቻ ምረጡና 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቁጥር ስጧቸው። መምረጥ ከከበዳችሁ «ነገ አንድ ነገር ብቻ ብሠራ የቱ ቢሆን ይሻላል?» በሉ፤ መልሱ ቁጥር 1 ነው። አሥራ አምስት ነገር ደርድሮ ሁሉንም «አስቸኳይ» ማለት አለመምረጥ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ጠዋት ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት ቁጥር 1ን ጀምሩ። «ሒሳብ ማጥናት» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከምዕራፍ 3 አሥር ጥያቄ መሥራት» በሉ፤ መጨረስ አለመጨረሳችሁ እንዲታወቅ። ያላለቀው ለነገ ይተላለፍ። ሦስት ቀን ሙሉ የተላለፈ ሥራ ካለ ግን ወይ በጣም ትልቅ ነውና ቆራርሱት፣ ወይ አያስፈልጋችሁምና ሰርዙት።

ቤት ውስጥ ውኃ መቅዳት፣ እናትን ማገዝ፣ ታናሽ መጠበቅ ያለባችሁ ልጆችም አላችሁ። እሱ ሥራ አይደለም አልልም፤ ሥራ ነው። ገዳሙም እንጨትና ውኃ አለው። የናንተ ቁጥር 1 ግማሽ ሰዓት ብቻ ብትሆንም ቦታዋን አስቀድማ ትያዝ፤ ሌላው በዙሪያዋ ይገባል።

በሉ፣ ዛሬ ማታ ሞክሯትና የነገ ቁጥር 1ኣችሁን ከታች ጻፉልኝ። ማታ ደግሞ ጨርሳችሁ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ መምህር መሆኔን አትርሱ!

መልካም ምሽት።