የአምቦ መንገድ ወይን

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የአገራችንን ወይን ታሪክ ልተርክላችሁ። ወይን ሲነሳ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ዝዋይ ያዞራል። እኔ ግን ከአዲስ አበባው ጉለሌ እነሳለሁ። ሽቅብ ሲሉት እንጦጦ፣ በስተ ምዕራብ ሲወጡ የአምቦ መንገድ፤ ወሬያችን ከሁለቱ አይወጣም።

መጀመሪያ ሽቅብ። እንጦጦ ማርያም ናት፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉባት። እዚያም እንደ ማንኛውም ደብር ቤተልሔም አለ፤ ኅብስቱና ወይኑ የሚሰናዱበት ቤት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወይን ከደረቅ ዘቢብ ነው የሚወጣው። ዘቢቡ ይታጠባል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፤ እንዲፈላ አይተውም። እንግዲህ አስቡት፦ የወይን ተክል በአጥቢያው አንድም ሳይኖር፣ ደጋው ላይ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር የወይን ፍሬ ይታሰባል። ይህ ልማድ ከሩቅ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን ይቆጥራል፤ ብዙ እንዳልሆነ ግን አይደብቅም። በኋለኛው ዘመን ጎንደርን ያዩ ተጓዦች ደግሞ ጣና ዳር፣ ይፋግ ላይ፣ የወይን ተክል አይተው ጽፈዋል። ወይን ለእኛ ባዕድ ሆኖ አያውቅም፤ ጥቂት ነበር እንጂ።

የሞላው የማር ወይናችን፣ ጠጁ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ጠጅ የመኳንንት፣ ጠላ የሕዝብ መጠጥ ነበር። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ ሺህ ሰው ሲጠጣ ይውላል፤ ከዚያ ጀርባ የቆሙት ሴቶች ግን በታሪክ መጽሐፍ ስማቸው የለም። እኔ ስለ እነሱ ነው ማውራት የምፈልገው። ጋኑን ያጥባሉ፣ በወይራ ያጥናሉ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ይበርዛሉ። ብርዙ ቀናት ሲቆይ ማሩ ውስጥ የነበረው ሰፈፍ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ይገፈፋል። ከዚያ የጌሾ እንጨት ይገባል፣ ይፈላል፣ ጌሾው ይወጣል፣ ይጠልላል። ማንም እርሾ አልጨመረበትም፤ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ራሱ ነው የሚመጣው። የመጥመቁ ጥበብ ሁሉ ያን የማይታይ ነገር ጠብቆ ማሳደግ ነው። ለዚህ ነው የአንዷ ጠማቂ ጠጅ ከጎረቤቷ ጠጅ ጋር የማይመሳሰለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከከተማዋ ጠጅ ቤቶች ናሙና ሰብስበው ባጠኑ ጊዜ፣ የአልኮሉ መጠን ከቤት ቤት እጅግ የተራራቀ ሆኖ ነው ያገኙት። ጥናቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዳይቀር እመኛለሁ፤ ጠማቂዋ የጠጇን ልክ ብታውቅ ጠጇን ማንም ዝቅ አድርጎ አያይባትም።

አሁን ወደ መንገዱ። ከከተማዋ በአምቦ መንገድ ስትወጡ ቡራዩን ታልፋላችሁ፤ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ሆለታ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የንብ ምርምር ማዕከል እዚያ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ አገር ናት፤ ከማሯም አብዛኛው ጠጅ ይሆናል። ስለዚህ ሆለታ ላይ ስለ ንብ መንጋ፣ ስለ ቀፎና ስለ ማር ጥራት የሚጠናው ሁሉ፣ ሰው ባይለውም፣ የወይን ምርምራችን ነው። ፈረንሳይ የወይን ምርምር ጣቢያዋን ስታሞግስ እኛ ሆለታን ለምን እንረሳለን?

ወደፊት ቀጥሉ፤ አምቦን አልፋችሁ ጉደር ትደርሳላችሁ። በጠርሙሱ ላይ የጉደር ስም የተጻፈበት ቀይ ወይን ከልጅነታችን ጀምሮ በየሠርጉና በየበዓሉ ገበታ ላይ ነበር። ይህን ወይን የሚሠራው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ኤይት ማይልስ ለተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅትና ለኢትዮጵያዊ ባለሀብት ተሸጠ። የድርጅቱ ሊቀ መንበር በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ዘመን የምናውቀው ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። ለረኀባችን የዘፈነ ሰው ለወይናችን ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ደግ ነገር ነው።

ዝዋይንም አልዘልም። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከቦርዶ ያመጣውን ተክል ሐይቁ አቅራቢያ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተክሎ፣ የመጀመሪያውን ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አወጣ። ጅብ፣ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ነው ያስቆፈረው። ክረምት ብርዱ ስለማያስተኛው ተክሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ማፍራት ይችላል፤ አውሮፓ ውስጥ የማይታሰብ ነው።

እኔ ግን ለጎብኚ የማሳየው መጀመሪያ ይህን የምዕራብ መንገድ ነው። መነሻችን ላይ ያለው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል 705 ሄክታር መሬት ይዟል፤ ጌሾ በሰፊው ቢተከልበት፣ ጎኑም ቀፎ ቢሰቀል፣ እናቶች እዚያው ጋን ቢያጥኑ፣ እንግዳው የመጠጣችንን ሥር በእጁ ይዳስሳል። ጠዋት እንጦጦ ማርያም፣ ቀትር ሆለታ፣ አመሻሹ ላይ ጉደር፤ አንድ ቀን ይበቃል። አስጎብኚ ማኅበራት ሆይ፣ መኪና አላችሁ፣ መንገዱም ተሠርቷል። ጠማቂዎቹን ጠርታችሁ የድርሻቸውን ተዋዋሉና ጀምሩት።