የሸክላ ዘመንና የትዝታ ዘመን

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በውጭ አገር ሲነሣ አንድ ስምና ሁለት ዓመተ ምሕረት አብረውት ይነሣሉ፤ ስሙ «ወርቃማው ዘመን» ሲሆን ዓመቶቹ 1969 እና 1975 ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፥ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ይህን ስምና እነዚህን ዓመቶች ከሁሉ ይልቅ ያስፋፋው፥ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ ከ1990ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ በፈረንሳዊው በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ያወጣው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የሙዚቃ መድበል ነው። መድበሉ በ2017 ሠላሳኛ ቅጹ ላይ ደርሷል። ምንም እንኳ ከቅጾቹ አንዳንዶቹ ስለ አዝማሪዎችና ስለ ሌሎች ዘመኖች የተዘጋጁ ቢሆኑ፥ በሰሚው አእምሮ ተቀርጸው የቀሩት ግን እነዚያ ስድስት ዓመታት ናቸው። እንግዲህ መመርመር የሚገባው ነገር፥ 1969 እና 1975 የአንድ ኪነ ጥበብ መነሻና መድረሻ ናቸው ወይስ የሌላ ነገር ወሰን ናቸው የሚለው ጥያቄ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው፥ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ሙዚቃ ጓድ አቋቁመው ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ይህን መንገድ አስፋፉት፤ ሀገር ፍቅርም በበኩሉ ድምፃውያንን አፈራ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ ተሻግሮ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀው፥ «ወርቃማው ዘመን» ጀመረ ከሚባልበት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድም ከዚያው ከክብር ዘበኛ ቤት የወጡ ናቸው። ስለዚህ በ1969 ሙዚቃው አልተወለደም፤ ጎልምሶ ነበር።

በ1969 የተወለደው ሸክላ የማሳተም የግል ሥራ ነው። በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ አቶ አምኃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍረው በስማቸው የሚጠራውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ ያሳተሙት የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ነበር። በአገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ፥ ድምፁ በአዲስ አበባ እየተቀረጸ ኅትመቱ በውጭ አገር ይፈጸም ነበር። እስከ 1975 ድረስም ከ100 የማያንሱ ነጠላ ሸክላዎች ከዚህ ቤት ወጡ። በ1975 አቶ አምኃ ወደ አሜሪካ በመሄዳቸው ሥራው አከተመ። እንግዲህ «ከ1969 እስከ 1975» የሚለው ወሰን የአንድ ኪነ ጥበብ ዕድሜ ሳይሆን የአንድ አሳታሚ ቤት ዕድሜ ሆኖ ይገኛል።

በርግጥ የ1974ቱ አብዮት፥ ከዚያም የመጣው የሰዓት እላፊና የጽሑፍ ምርመራ የከተማውን የሌሊት ጨዋታ ክፉኛ ጎድቶታል። ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዋል። ነገር ግን ጉዳት መድረሱና ሙዚቃው ማለቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የውጭውን ሰሚ መጀመሪያ የማረከው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» የተቀረጸው አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በ1975 ሲሆን፥ ያሳተመውም ካይፋ የተባለው ሌላ ድርጅት ነበር። የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» የወጣው በ1977 ነው። በሰባዎቹ ማለቂያ ሸክላ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ካሴት ወደ ውጭ ሳይላክ በአገር ውስጥ የሚባዛ፥ ዋጋው የቀለለና ከሸክላ ይልቅ ወደ ገጠር የዘለቀ ነበር። በሰማንያዎቹ ሮሃ ባንድ ብዙ ድምፃውያንን ያጀበው በዚህ መንገድ ነው። በሰሚ ብዛት ቢመዘን የካሴት ዘመን ከሸክላው ዘመን የሚያንስ አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ሸክላው መድበልና ስም አላገኘም።

ይህ የሆነበት ምክንያት መድበል ራሱ የሚሠራበት ጠባይ ነው። ነጠላ ሸክላ በየፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛል፤ በአምሳዎቹና በስድሳዎቹ የተሠሩ የአሜሪካና የእንግሊዝ ነጠላ ሸክላዎችም እንደዚሁ ናቸው። በየጊዜው ተለያይተው የወጡትን ዘፈኖች አንድ አሰባሳቢ መርጦ፥ ቅደም ተከተል ሰጥቶ፥ በአንድ ርእስ ሥር ሲያኖራቸው ተበታትነው ሳሉ ያልነበራቸውን አንድነት ያገኛሉ፤ ይህም አንድነት «ዘመን» ተብሎ ይጠራል። ፋልሴቶ በ1986 የማሕሙድን ሸክላ በቤልጅግ ባሳተመበት ጊዜም ሆነ በኋላ ቅጾቹን ባዘጋጀ ጊዜ የመረጠው ለአውሮጳ ጆሮ ነበር። ስምንተኛው ቅጽ አዲስ አበባን የሰየመበት ቃል የስድሳዎቹን ሎንዶን መጠሪያ የሚያስታውስ ነው። በአራተኛው ቅጽ የወጣው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ በመሰማቱ፥ ቃል የሌለው የመሣሪያ ጨዋታ በዓለም ዘንድ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ምልክት ሆነ። በዘመኑ ከታተሙት ሸክላዎች እጅግ የሚበዙት ግን ዘፈኖች ነበሩ፤ ያገሬው ሰው የሚወዳቸውም ለዜማው ያህል ለግጥሙና ለቅኔው ነው።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነትም ነገሩን ይገልጠዋል። አውሮጳዊው ሰሚ «የሰባዎቹ» ሙዚቃ ሲል ደስ ያለውን የወጣትነት ዘመን፥ ዲስኮውንና ጭፈራውን ያስባል። እነዚያው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስድሳዎቹ ናቸው። በኢትዮጵያ «የስድሳዎቹ ትውልድ» ሲባል የሚታወሰው የተማሪዎች ንቅናቄ፥ የወሎ ረኀብ፥ የ1966ቱ ለውጥና ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ደም ነው። አንዱ ሸክላ ለአንዱ ሰሚ የጭፈራ፥ ለሌላው የኀዘን ማስታወሻ ይሆናል። መድበሉ ድምፁን ይዞ ሲሻገር ይህን ሁለተኛ ትርጉም ይዞ አይሻገርም።

አማርኛ ለዚህ ስሜት ትዝታ የሚል ቃል አለው፤ ትዝታ ደግሞ ስሜት ብቻ ሳይሆን ቅኝትም ዘፈንም ነው። በትዝታ ዘፈን ዜማው የጋራ ሲሆን ግጥሙን እያንዳንዱ ዘፋኝ እንደ ዘመኑና እንደ ሐዘኑ ያድሰዋል፤ ያለፈው ነገር በተዘፈነ ቁጥር እንደ ገና ይሠራል። መድበል ግን ከብዙ አዘፋፈን አንዱን መርጦ ያጸናል። ትዝታን ለማቆየት የሚያስፈልገው ይህ ጽናት፥ ሌላውን ትዝታ ለመርሳትም ምክንያት ይሆናል።

ይህ የመድበሉን ውለታ የሚያሳንስ አይደለም። መድበሉ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ ሸክላዎች ከጥቂት ሰዎች ሣጥን ባልወጡ ነበር። ደግሞም ወሰኑ ሊገፋ እንደሚችል የታየበት ምሳሌ አለ፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን የሠራው የአኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ካሴት፥ «ወርቃማ» ከተባለው ጊዜ ውጭ ሳለ በ2013 እንደ ገና ታትሞ አዲስ ሰሚ አግኝቷል። ለታሪክ ተማሪ የሚገባው እንግዲህ መድበልን ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው፤ አንድ ጊዜ ስለ ሰባዎቹ እንደሚመሰክር፥ ሁለተኛ ጊዜ ስለ ተዘጋጀበት ዘመን እንደሚመሰክር ሰነድ። ቀጥሎም ያልተመረጠውን፥ ማለትም የሬዲዮውን ክርና ካሴቱን፥ ከተቀረጸበት ዓመት፥ ከአጃቢዎቹና ከግጥሙ ደራሲ ስም ጋራ መመዝገብ ይገባዋል። ጥላሁን ገሠሠ በ2009፥ አቶ አምኃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በ2021፥ ሙሉቀን መለሰ በ2024 ዐርፈዋል። የካሴት ክር ከዓመት ወደ ዓመት ይደክማል፤ በሽፋኑ ላይ ያልተጻፈውን የሚያውቁት ሰዎችም እየጐደሉ ይሄዳሉ።