አንድ ቀን በናፖሊ ወደብ

መርከባችን ናፖሊ የደረሰችው ከንጋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ኔፕልስ የሚላት ይህች ከተማ ከፊት ለፊት በኮረብታዎች ላይ ተደርድራ፣ በስተቀኝ ደግሞ የቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ እንደ ዘበኛ ቆሞባት ትታያለች። የመርከቧ ድምፅ ማጉያ፣ ተሳፋሪ ሁሉ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ እንዲመለስ፣ ለዘገየ ሰው ግን መርከቧ እንደማትጠብቅ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ጋባዤ፣ ባሕር ማዶ የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ እንደ አብዛኛው ተሳፋሪ በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችውን ፖምፔን ለማየት አውቶቡስ ላይ ወጣች። እኔ ግን ከተማው ውስጥ መዋልን መረጥሁ።

ምክንያት ነበረኝ። ናፖሊ ከኢትዮጵያ ጋር ያላት ትውውቅ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ የቆየ ነው። ከመርከቧ ወርዶ ለአንድ ቀን በእግርና በባቡር የሚዘዋወር ሰው፣ ወደ አምስት መቶ ዓመት የሚጠጋ የሁለት አገሮች ግንኙነት በድንጋይ ተጽፎ ያገኛል። ድንጋዩን የጻፉት ግን እነሱ ናቸው። እኔም እነሱ የጻፉትን በእኛ ዓይን ለማንበብ ነበር የወረድሁት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንገደኞች ማረፊያው ራሱ አንድ ምዕራፍ ነው። በ1930ዎቹ፣ በፋሺስቱ ዘመን የተሠራ ሰፊና ነጭ ሕንፃ ነው። ከዚህ ወደብ ብዙ ሺህ ድሆች እንጀራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። በ1935 ደግሞ ብዙ ወታደሮች ከዚሁ ወደብ ተጭነው፣ ሙዚቃ እየተመታላቸውና መሐረብ እየተውለበለበላቸው፣ ወደ እኛ አገር ዘምተዋል። ዛሬ በዚያው ሥፍራ ቁምጣ የለበሱ ቱሪስቶች ሻንጣ ይጎትታሉ። እኔም ከእነሱ እንደ አንዱ ሆኜ አለፍሁ።

አምስት ደቂቃ ሳልራመድ ካስቴል ኑዎቮ ከተባለው ግንብ ሥር ደረስሁ። ትርጉሙ "አዲሱ ግንብ" ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ግንባታው የተጀመረው በ1279 ነው። አምስት ድብልብል ማማዎች አሉት። በሁለቱ ጠቆር ያሉ ማማዎች መካከል ነጭ የእብነ በረድ ቅስት ተሰክቷል። በቅስቱ ላይ የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ በ1443 በድል አድራጊነት ናፖሊ ሲገባ፣ በሠረገላ ተቀምጦ ተቀርጿል። ቱሪስቱ ሁሉ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

ይህ አልፎንሶ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ገና በአራጎን ሳለ፣ በ1420ዎቹ መጨረሻ፣ ከአፄ ይስሐቅ መልእክተኞች መጥተውለት ነበር። በ1450 ደግሞ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ መልእክተኞች ናፖሊ ድረስ መጡ። ከመልእክተኞቹ አንዱ ፒዬትሮ ሮምቡሎ የተባለ የሲሲሊ ሰው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ብዙ አሥርት ዓመታት የኖረ፣ ከአንድ በላይ ነገሥታትን ያገለገለ ነበር። ፒዬትሮ ራንዛኖ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ እዚሁ ናፖሊ አግኝቶት የሕይወቱን ታሪክ ጽፎለታል።

ንጉሣችን የፈለጉት ባለሙያ ነበር። አልፎንሶም በመልሱ፣ ቀደም ሲል ልኳቸው የነበሩ 13 ባለሙያዎች መንገድ ላይ ማለቃቸውን ጠቅሷል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የናፖሊው ንጉሥና የኢትዮጵያው ንጉሥ በዚያን ጊዜ የተጻጻፉት እንደ እኩያ ነው። አንዱ ጌታ፣ ሌላው ሎሌ አልነበሩም። አንደኛው ባለሙያ ይጠይቃል፤ ሌላው በሩቅ ያለ ክርስቲያን ወዳጅ ይፈልጋል። ቅስቱ ሥር ቆሜ ያሰብሁት ይህንን ነው። በእብነ በረዱ ላይ ስለዚያ መልእክት አንድም ምልክት አላየሁም።

ከግንቡ ጥቂት ራመድ ሲሉ ከሳን ካርሎ ቲያትር ፊት ለፊት ጋለሪያ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ የተባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ይገኛል። ጣሪያው ብረትና መስተዋት፣ ወለሉ ያጌጠ እብነ በረድ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1887፣ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር በደመሰሱበት ዓመት ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው ደግሞ በ1889፣ በዚሁ በኡምቤርቶ ዘመን ነው። በዚያው ዓመት ንግሥቲቱ ማርጌሪታ ናፖሊ መጥታ የቀመሰችው ፒሳ በስሟ ተጠራ እየተባለ ይነገራል። የሚስትየዋ ስም በየምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ ቀረ፤ የባልየው ዘመን ግን በእኛ ዘንድ የሚታወሰው በአንቀጽ 17 እና በዓድዋ ነው። ከዓድዋ ሽንፈት በኋላ ከሥልጣን የወረደው ጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንቼስኮ ክሪስፒም የሞተው እዚሁ ናፖሊ፣ በ1901 ነው። እኔም በአዳራሹ አንድ ጥግ ቆሜ ቡናዬን ጠጣሁ። ማኪያቶ ለማዘዝ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ከዚያ በጠባብ መንገዶች፣ ከሰገነት ሰገነት በተሰጣ ልብስ ሥር እየተሹለከለክሁ ወደ አሮጌው ከተማ ዘለቅሁ። ሞተር ብስክሌቶች ጆሮ ሥር ያጓራሉ፤ ሴቶች ከፎቅ ላይ ቅርጫት በገመድ አውርደው ዳቦ ይገዛሉ። የፈለግሁት የናፖሊን የምሥራቃውያን ጥናት ዩኒቨርሲቲ ነበር። መነሻው ማቴዮ ሪፓ የተባለ ቄስ በ1732 ለቻይና ወጣቶች ያቋቋመው ትምህርት ቤት ነው። በኋላ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ሆነ፤ አማርኛም ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ነበር።

አማርኛ ካስተማሩት አንዱ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ወደ ኢጣሊያ መጀመሪያ የመጡት ሥዕል ለመማር ነበር። ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ ተቋም አስተማሩ። በዚያው ዘመን የሰዋስው መጽሐፍ አሳተሙ። በ1908 ደግሞ ሮም ላይ "ልብ ወለድ ታሪክ" የተባለውን፣ በኋላ "ጦቢያ" እየተባለ የተጠራውን መጽሐፍ አወጡ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ይኸው ነው። ከአገሩ ርቆ ለባዕድ ተማሪ "ሀ ሁ" የሚያስቆጥር ሰው በዚያች ጫጫታ በሞላባት ከተማ ተቀምጦ አዲስ የአማርኛ ድርሰት ዓይነት መፍጠሩ ይደንቃል።

አፈወርቅን ማመስገን ብቻ ግን እውነትን መሸፈን ነው። ወረራው ሲመጣ ከወራሪው ወገን ቆሙ፤ "አፈ ቄሣር" የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። ከነፃነት በኋላ ታስረው፣ የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ፣ በ1947 በግዞት ጅማ ላይ ሞቱ። ያንን ሁሉ ያሳለፉ ሰው በዚህች ከተማ አስተማሪ ሳሉ ምን ያስቡ ነበር? ተማሪዎች ሲጋራ እያጨሱ ከሚንጫጩበት ደጃፍ ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ። ዕውቀትን የሚፈልግ ሁሉ ለወዳጅነት ብቻ አይፈልግም። ለአልፎንሶ ደብዳቤ የተጻፈለት አገር፣ ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ቋንቋው የሚጠና፣ ካርታው የሚነሣ አገር ሆኖ ነበር።

ሰዓቴን ሳይ ከሰባት አልፏል። ሞንቴሳንቶ ከተባለው ጣቢያ በከተማ ባቡር ተሳፍሬ በስተምዕራብ ወዳለው ፉዎሪግሮታ ሰፈር ሄድሁ። እዚያ ሞስትራ ዶልትረማሬ የተባለ ሰፊ የኤግዚቢሽን ግቢ አለ። ትርጉሙ "የባሕር ማዶ ትርኢት" እንደማለት ነው። በር ላይ የቆሙትን ዘበኛ በተሰባበረ ጣሊያንኛ "ባኞ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰውየው በትሕትና መጸዳጃ ቤቱን አመለከቱኝ! እኛም ቃሉን ከእነሱ ወስደን ለዚያው መጠቀማችን ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። "ባኞ ዲ ፋሲሊዴስ" ስል ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኙኝ።

በዛፎች መካከል ጎንደርን አየሁ። የአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ከነገንዳው፣ በመካከሉ ከቆመው ግንብ ጋር፣ ናፖሊ ላይ ተገልብጦ ቆሟል። ፋሺስቶቹ ግዛታችን ነው ላሉት ሁሉ ማሳያ አድርገው ያሠሩት ነው። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ግንቦት 9 ቀን 1940፣ ሙሶሊኒ "ኢምፓየር" ያወጀበት አራተኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት ነበር። ከአንድ ወር ብዙም አላለፈም። ሰኔ 10 ቀን ኢጣሊያ ጦርነቱ ውስጥ ገባች፤ ትርኢቱም ተዘጋ። ዓመት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በእኛ አቆጣጠር፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ግልባጩ ሳያረጅ ግዛቱ አለቀ።

ለኤግዚቢሽኑ የመጣው የድንጋይ ንድፍ ብቻ አልነበረም። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ለትርኢት መጥተው በግቢው ውስጥ ይኖሩ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም። ናፖሊ በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበሩ። በ1943 ወደ መካከለኛው ኢጣሊያ፣ ትሬያ ወደምትባል ከተማ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት መከር ላይ አንዳንዶቹ አምልጠው ተራራ ወጡ፤ ከኢጣሊያ አርበኞች ጋር ተቀላቅለው ናዚዎችንና ፋሺስቶችን ተዋጉ። ከእነሱ አንዱ ካርሎ አባመጋል የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው። በኅዳር 1943 በውጊያ ላይ ወደቀ።

ለዕይታ የመጣ ሰው ተመልካቾቹን ነፃ ለማውጣት ሞተ። ይህንን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ፣ ስለ አምስቱ ዓመት ወረራ ሲወራ፣ አርበኞቻችንን የምቆጥረው በአገር ውስጥ ተራሮች ብቻ አይደለም።

ከገንዳው ዳር ለብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ። ግልባጩ በደንብ የተሠራ ነው፤ አናጢውም ግንበኛውም አላጠፉም። የጎደለው ሌላ ነው። ጎንደር ላይ በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ውኃው ይባረካል፤ ሕዝቡ እየዘለለ ይገባበታል፤ ታቦቱ በእልልታ ይመለሳል። ቅርጹን መውሰድ ተችሏል። ጥምቀትን ግን መርከብ አልጫነውም።

ለመመለሻው 20 ደቂቃ ሲቀረው ወደቡ ደረስሁ። እህቴ በመርከቧ አጥር ተደግፋ ስትጠብቀኝ ነበር። ስለ ፖምፔ በሰፊው አጫወተችኝና "አንተስ ምን አየህ?" አለችኝ። "ጎንደርን" አልኋት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ቬሱቪዮ ከኋላችን ጠቁሮ፣ የአልፎንሶ ግንብ መብራት በርቶለት፣ መርከቧ ስትንቀሳቀስ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው ነገርኋት። አባመጋል ጋ ስደርስ መሳቋን ትታ ስሙን እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምሁላት።

አንባቢ ሆይ፣ ዕድል ቀንቶዎት አንድ ቀን ናፖሊ ከወረዱ፣ ፖምፔን አይዩ አልልም። ነገር ግን ከቀኑ ላይ ሁለት ሰዓት ቆርጠው ፉዎሪግሮታ ይድረሱ። በር ላይ ሲጠይቁም "ባኞ" ብቻ አይበሉ፤ የፋሲልን ስም አብረው ይጥሩ።