በእጅ የተጻፈው ማመልከቻ፦ ሙስሊም እስረኞች ሐቃቸውን ያገኙበት በር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም


ዛሬ በአሜሪካ እስር ቤቶች ጁሙዓ የሚሰግዱ፣ ቁርኣን የሚቀሩ፣ ረመዷንን የሚጾሙ ሙስሊሞች ብዙ ናቸው። ይህን ስንሰማ «አገሩ የነፃነት አገር ስለሆነ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ይህን ሐቅ በአብዛኛው ያስገኙት ኪሳቸው ባዶ የሆነ እስረኞች መንግሥትን ከሰው ነው። ፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ ባይተውላቸው ኖሮ ክሳቸው ከመዝገብ ቤት አያልፍም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክስ የሚያቀርብ ሰው የዳኝነት ክፍያ ይከፍላል። መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አረጋግጦ ሳይከፍል እንዲከስ ሲፈቀድለት፣ በእኛ አገር «በደሃ ደንብ» መክሰስ ይባላል፤ በ1958 ዓ.ል. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከቁጥር 467 ጀምሮ ደንግጎታል። አሜሪካም በእ.ኤ.አ. 1892 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር።

በዚህ በር ከገቡት አንዱ ቶማስ ኩፐር ነው። በኢሊኖይ ግዛት ስቴትቪል እስር ቤት በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት ታስሮ ሳለ የኔሽን ኦፍ ኢስላም ተከታይ ሆነ። የዚህ ቡድን ዐቂዳ ከአህሉ ሱና ዐቂዳ የተለየ መሆኑ ይታወቃል፤ እዚህ የምናነሳው የሕጉን ታሪክ ነው። ኩፐር በእምነቱ ምክንያት የሃይማኖት ጽሑፎች እንደተከለከለ ገልጾ የእስር ቤቱን ኃላፊ ከሰሰ። ሁለት ፍርድ ቤቶች ክሱን ሳይሰሙ መለሱት። በሰኔ 1964 (እ.ኤ.አ.) ግን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያለ ክፍያ እንዲቀርብ ፈቀደለት፤ በአንድ አጭር አንቀጽ ውሳኔም «ክሱ ይሰማ» አለ። ኩፐር የጠየቀውን ሁሉ አላገኘም። ሆኖም እስረኞቹ ከሃይማኖት መሪዎቻቸው ጋር እንዲገናኙና በጋራ ሥርዓተ አምልኮ እንዲሳተፉ ተፈረደ። ከዚያ በኋላ ብዙ እስረኞች በዚያው በር ገቡ።

በሩ ግን እንደዚያው አልቆየም። በ1990ዎቹ «እስረኞች በማይረባ ነገር ፍርድ ቤቱን አጨናነቁት» የሚል ወሬ ገነነ። አንዱ እስረኛ የሚፈልገው ዓይነት የለውዝ ቅቤ ስላልመጣለት ከሰሰ ተብሎ ተሳቀበት። ጆን ኒውማን የተባሉ ዳኛ መዝገቡን ሲያዩት ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ ሰውዬው የተሳሳተውን ዕቃ መልሷል፤ ገንዘቡ ግን ከሒሳቡ ተቆርጦበታል። ለአንድ እስረኛ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ወሬው ግን ከእውነቱ ቀድሞ ሄደ።

በሚያዝያ 1996 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ክሊንተን አዲስ ሕግ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ደሃ እስረኛ ክፍያው አይቀርለትም። በየወሩ ከሚገባለት 20 በመቶ እየተቆረጠ እስኪያልቅ ይከፍላል። ዛሬ በፌዴራል ፍርድ ቤት ይህ 350 ዶላር ነው፤ በብዙ እስር ቤቶች ግን እስረኛ ሠርቶ በሰዓት 1 ዶላር እንኳ አያገኝም። ሦስት ጊዜ «መሠረት የለውም» ተብሎ ክሱ የተሰረዘበት ደግሞ፣ አካሉን የሚጎዳ አደጋ ካላንዣበበበት በስተቀር፣ ሙሉውን ቀድሞ ካልከፈለ አይሰማም። እውነት ነው፤ ሕጉ ምንም የሌለውን ሰው በድህነቱ ብቻ አትመልሱት ይላል። ቢሆንም እስረኞች የሚያቀርቡት ክስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ። ከተመለሱት ውስጥ ስንቱ ሐቅ ይዞ ነበር? ያልቀረበ ክስ ደግሞ ማንም አይመረምረውም።

በጠበበው በርም ቢሆን የገባ አለ። በአርካንሳስ ታስሮ የነበረው ግሪጎሪ ሆልት፣ በሙስሊም ስሙ ዐብዱል ማሊክ ሙሐመድ፣ ግማሽ ኢንች ጺም ማሳደግ ተከለከለ። አቤቱታውን በእጁ ጽፎ ላከ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ያለ ክፍያ ተቀበለው። እስር ቤቱ «ጺም ውስጥ ዕቃ ይደበቃል» ብሎ ተከራከረ። በጥር 2015 (እ.ኤ.አ.) ዘጠኙም ዳኞች ለእሱ ፈረዱ።

እኛ ዘንድ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በወሎ መስጂዶች ደረሳው በሚቀራው በኢማም ነወዊ ሚንሃጅ፣ የቀዷእ ምዕራፍ ውስጥ፣ አዲስ የተሾመ ቃዲ ከሁሉ አስቀድሞ የእስረኞችን ጉዳይ እንዲመለከት ታዟል። ዑለማዎች ምክንያቱን ሲያብራሩ እስር ራሱ ስቃይ ነው ይላሉ። ልብ በሉ፤ እዚህ ቃዲው ነው ወደ እስረኛው የሚሄደው። እስረኛው ከፍሎ እስኪመጣ አይጠበቅም።

ወንድሜ፣ እህቴ! ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ በወረቀት የተጻፈ ሐቅ በሩ ላይ ዋጋ ከተለጠፈበት ለደሃ ሐቅ አይደለም። ስለዚህ ሕግ የምትማሩ ልጆቻችን «በደሃ ደንብ» የሚለውን አንቀጽ በደንብ እወቁት፤ የመስጂዳችሁ ጀማዓ ውስጥ የሚያስፈልገው ሰው አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ስለ ታሰረ ሰው የሚያስቅ ወሬ ስትሰሙ ከማጋራታችሁ በፊት አጣሩ። አንድ ያልተጣራ ቀልድ የስንት መዝሉም በር እንደዘጋ አይታችኋል።

አላህ የመዝሉሞችን ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።