የቦይለርን አሠራር በውጭ አየር ሙቀት መቆጣጠር

በውጭ አየር ሙቀት መቆጣጠር ማለት የማዕከላዊ ማሞቂያ ቦይለር ወደ ራዲያተሮች የሚልከውን ውሃ ሙቀት፣ ከቤት ውጭ ባለው ብርድ ልክ በራሱ ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ የማዘጋጀት ዘዴ ነው። ዘዴው በተለይ በአውሮፓ በስፋት ይሠራበታል። በኢትዮጵያ ከተሞች «ቦይለር» ሲባል ብዙውን ጊዜ የገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ማለት ነው፤ እዚህ ግን ቃሉ የሚያመለክተው በጋዝ ወይም በሌላ ነዳጅ ውሃ እያሞቀ መላውን ቤት የሚያሞቀውን መሣሪያ ነው።

መሠረተ ሐሳብ

ቤት በግድግዳ፣ በመስኮትና በጣሪያ በኩል ሙቀት ያጣል። የሚጠፋው ሙቀት በውስጥና በውጭ አየር መካከል ባለው ልዩነት ይወሰናል። ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ከተፈለገና ውጭው 10 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 10 ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ሲደርስ ልዩነቱ 30 ይሆናል፤ ስለዚህ ቤቱ ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ውሃው ሁልጊዜ በ70 ዲግሪ ቢላክ፣ ለከባድ ብርድ የተመጠነው ሙቀት ብርዱ ቀለል ባለባቸው ቀናት ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል፤ ቦይለሩም ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ነዳጅ ያባክናል።

ተራ ቴርሞስታት እርምጃ የሚወስደው ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የውጭ ሴንሰር ያለው ቦይለር ግን ብርዱ በግድግዳው አልፎ ወደ ውስጥ ከመድረሱ በፊት ውሃውን ማሞቅ ይጀምራል።

የማሞቂያ መስመር

መቆጣጠሪያው የውጭውን ሙቀት ወደ ውሃ ሙቀት የሚቀይርበት ግንኙነት የማሞቂያ መስመር ይባላል። ቀለል ባለ መልኩ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

የውሃ ሙቀት = የክፍል ሙቀት + ዝንባሌ × (የክፍል ሙቀት − የውጭ ሙቀት)

የክፍሉ ሙቀት 20፣ ዝንባሌው 1.2 ቢሆን፦

• ውጭው 10 ዲግሪ ሲሆን ውሃው 32 ዲግሪ፣
• ውጭው 0 ዲግሪ ሲሆን ውሃው 44 ዲግሪ፣
• ውጭው ከዜሮ በታች 10 ሲሆን ውሃው 56 ዲግሪ ይሆናል።

ራዲያተር ውሃው ለብ ሲል የሚሰጠው ሙቀት ከተመጣጣኙ በላይ ስለሚቀንስ፣ በብዙ መሣሪያዎች ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን በመጠኑ የጎበጠ ነው። ሰፊ ስፋት ያለው የወለል ማሞቂያ ለብ ባለ ውሃ ስለሚሠራ ከራዲያተር ያነሰ ዝንባሌ ይበቃዋል።

የሴንሰሩ ቦታ

በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው በሰሜን በኩል ባለ ግድግዳ ላይ ይተከላል። ከመስኮት፣ ከጭስ መውጫና ከአየር ማስወጫ መራቅ አለበት። ፀሐይ ወይም ከቤት የሚወጣ ሞቃት አየር ካገኘው ውጭው የሞቀ ይመስለዋል፤ በዚህም ውሃው ይለዝባል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል።

የአሠራር ሁነታዎች

• የማሞቂያ ሁነታ፦ ውሃው በማሞቂያ መስመሩ መሠረት ይሞቃል።
• የሌሊት ሁነታ፦ መስመሩ በተወሰነ ሰዓት ዝቅ ይላል።
• የሙቀት ወራት ሁነታ፦ የውጭው ሙቀት ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ ቤት ማሞቅ ይቆማል፤ የመታጠቢያ ውሃ ማሞቅ ግን ይቀጥላል።
• ከበረዶ መከላከያ፦ ማሞቂያው ጠፍቶ እያለም ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይረጋ ፓምፑ ወይም ቦይለሩ ይነሣል።

የመታጠቢያ ውሃ የማሞቂያ መስመሩን አይከተልም። በጋን የሚጠራቀም ውሃ ለብ ብሎ ከቆየ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ሊራባበት ስለሚችል፣ ብዙውን ጊዜ 60 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ይደረጋል።

አስተካከል

መስመሩ ለእያንዳንዱ ቤት የሚስተካከለው በሙከራ ነው። በሙከራው ጊዜ በዋናው ክፍል ያሉት የራዲያተር ቫልቮች ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ፤ አለበለዚያ ቫልቮቹ ትርፉን ሙቀት ስለሚያግዱ የመስመሩ ስሕተት አይታይም። ከዚያም ጉድለቱ መቼ እንደሚከሰት ይታያል፦

• ቤቱ የሚቀዘቅዘው በከባድ ብርድ ብቻ ከሆነ ዝንባሌው ይጨመራል።
• ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚቀዘቅዝ ከሆነ ዝንባሌው ሳይነካ መላው መስመር ወደ ላይ ይገፋል።
• ቀለል ባለ ብርድ ቀዝቅዞ በከባድ ብርድ የሚበቃው ከሆነ መስመሩ ወደ ላይ ተገፍቶ ዝንባሌው ይቀነሳል።
• ቤቱ ከልክ በላይ ሲሞቅ ተቃራኒው ይደረጋል።

ግድግዳ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚለውጥ ከአንዱ ማስተካከያ እስከ ሌላው ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ጥሩ የሚባለው መስመር ቤቱን የሚያሞቀው ዝቅተኛው መስመር ነው።

ጥቅምና ወሰን

ትልቁ ጥቅም የሚታየው በኮንደንሲንግ ቦይለር ላይ ነው። ይህ ቦይለር በጭሱ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ወደ ውሃ ሲመለስ የሚወጣውን ሙቀት ይጠቀማል። በተፈጥሮ ጋዝ ሲሠራ ግን ይህ የሚሆነው ከራዲያተሮች የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ ዘመናዊ ቦይለር ተገዝቶ ውሃው ሁልጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ከተላከ፣ የተከፈለበት ቁጠባ በአብዛኛው አይገኝም።

የውጭ ሴንሰር በመስኮት የሚገባውን ፀሐይም ሆነ በክፍሉ የተሰበሰበውን ሰው አያውቅም። ለዚህም አንዳንድ መሣሪያዎች የክፍል ሴንሰር ይጨምራሉ። በአውሮፓ ኅብረት የማሞቂያ መለያ ደንብ መሠረት፣ የእሳቱን ኃይል ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ቦይለር ላይ የውጭ ሴንሰር ብቻውን 2 በመቶ፣ ከክፍል ሴንሰር ጋር ሲጣመር 4 በመቶ የብቃት ጭማሪ ይታሰብለታል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ኮምቢ የተባለው የጋዝ ቦይለር ሲተከል ከአራት የቁጠባ አማራጮች ቢያንስ አንዱ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል፤ ከአራቱ አንዱ ይህ ዘዴ ነው።