የእንግሊዝኛ መምህርና የተሰጠው መሣሪያ

ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት ከውጭ ቋንቋዎች መካከል የበላይነቱን ይዞ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ ያን ሥፍራ የወረሰው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ፣ ጠላት ተባሮ ትምህርት ቤቶች እንደገና በተቋቋሙበት ጊዜ ነበር። በወረራው ዘመን የተማረው ወጣት ክፉኛ ስለ ተጨፈጨፈ ለማስተማር የሚበቃው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ መጽሐፉም መምህሩም በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ በቅርብ ለተመለከተ የሙያ ጓደኛችን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ለእንግሊዝኛ ትምህርት በየዘመኑ የቀረበው መሣሪያ በአብዛኛው መምህሩን ዘሎ ተማሪው ዘንድ እንዲደርስ የታሰበ እንጂ መምህሩን ራሱን ለማጎልመስ የተዘጋጀ አልነበረም።

በ1956 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ እንግሊዝኛ እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሆነ። ተማሪው 7ኛ ክፍል ሲገባ ግን ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ እንዲከታተል ተገደደ። (አማርኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሕፃን ሸክሙ እጥፍ እንደ ነበር ሊዘነጋ አይገባም።) የታችኛው ክፍል መምህርም ቋንቋውን የሚናገረው በዚያችው በአንዲት ክፍለ ጊዜ ብቻ ሆነ።

የሁለተኛውን ደረጃ ክፍተት ለጊዜው የሸፈኑት እንግዶች ናቸው። በ1955 የትምህርት ዘመን 300 ያህል የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በመምህርነት ተመደቡ። ሥራቸው የሚመሰገን ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የአገልግሎት ዘመኑን ሲፈጽም ልምዱን ይዞ ይሄድ ነበር። ጓዱ በ1969 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ የተማሪው ቁጥር በፍጥነት በማደግ ላይ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ስቶዳርት ባቀረቡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ የትምህርት መሸጋገሪያ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል ወደ መሆን መድረሱን አመለከቱ።

ለዚህ ችግር ከቀረቡት መፍትሔዎች ሁሉ ትልቁ በ1997 የትምህርት ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው ፕላዝማ ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ለክፍሉ መምህር በመግቢያው ጥቂት ደቂቃ፣ በማጠቃለያውም እንዲሁ ጥቂት ደቂቃ ይተውለታል፤ መካከሉን በመስኮቱ የሚታየው መምህር ይይዘዋል። ይህ መምህር ይጠይቃል፤ ለመልሱ የተወሰነ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ንግግሩ ፈጣን፣ የቃላት አወጣጡም ለተማሪው ጆሮ እንግዳ ነበር። ተማሪው ያልሰማው ቃል ቢኖር መምህሩ ሥርጭቱን ሊያቆምለት አይችልም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ክፍለ ጊዜው በሙሉ ድንገት በመምህሩ እጅ ይወድቃል።

የደጋፊዎቹ ክርክር የሚናቅ አልነበረም። በሩቅ ወረዳ ያለ ተማሪ ከአዲስ አበባው እኩል አንድ ዓይነት ትምህርት ያገኛል፤ እንግሊዝኛው ደከም ላለ መምህርም ጥሩ አርአያ ይሆነዋል ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ ቋንቋ የሚዳብረው በመናገር ነው። ፕላዝማው ከመምህሩ የወሰደው ይህንኑ የመናገሪያ ጊዜውን ነበር።

ወደ መምህሩ አንደበት በቀጥታ ያመራው በዚያው ዘመን የተዘረጋው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ መርሐ ግብር ነው። በእኔ ግምት ዝናው ከፕላዝማው ያነሰ፣ ጥቅሙ ግን የበለጠ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህራንን ብቻ ሳይሆን ሌላውን ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩትንም አካተተ፤ በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎችም የማሻሻያ ማእከሎች ተከፈቱ። ችግሩ ማእከሎቹ ያሉት በከተማ መሆኑ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ የቋንቋውን መሠረት የመጣል ኃላፊነት የወደቀው በገጠር የአንደኛ ደረጃ መምህር ላይ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከማእከሉ የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ ነው።